ከመሳፈራችን በፊት ማን ያስተምረን?

የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ ከአዲስ አበባ ሲነሣ የሚደረግለትን ዝግጅት ሁላችንም እናውቀዋለን። የትምህርት ማስረጃው ይረጋገጣል፤ የጤና ምርመራ ይደረጋል፤ ዘመድ በርበሬና ሽሮ ይቋጥራል። ስለሚገባበት ኅብረተሰብ ግን የሚነግረው የለም። በአንጻሩ ለቤት ሠራተኛነት ወደ ዐረብ አገር የምትሄደው እኅታችን ከጉዞዋ በፊት ገለጻ ማግኘት እንዳለባት በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ደንግጓል። ገለጻው በተግባር ምን ያህል ይረዳታል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ቢያንስ እንደሚያስፈልጋት ታውቆላታል። እኛ ግን «ተማሪ አይደሉ?» ተብለን እንታለፋለን።

በአቡ ዳቢና በአል ዐይን የምንማር ይህ ግምት የሚያስከፍለውን ዋጋ እናያለን። በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ከአሥር ነዋሪ ዘጠኙ ያህል የውጭ ዜጋ በመሆኑ የዐረቦችን ልማድ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ነርሷ ከኬራላ፣ በሽተኛው ከፓኪስታን ሊሆን ይችላል። አገር ቤት በታላቅ ፊት ዓይንን መስበር ጨዋነት ነው፤ እዚህ በቃል ፈተና ላይ እንዲሁ የሚያደርግ ተማሪ መልሱን እንደማያውቅ ሊቆጠርበት ይችላል። ጾም ሲባል ከሥጋና ከወተት መከልከል ብቻ የሚመስለው ጓዳችን፣ በረመዳን የስኳር በሽተኛ ከጎህ እስከ ፀሐይ ግባት ውሃ እንኳ እንደማይቀምስና መድኃኒቱም በዚያው ልክ መታሰብ እንዳለበት አልጋው አጠገብ ቆሞ ይማራል። የወሎ ልጅ ይህን ከጎረቤቱ ለምዶት ስለሚመጣ በዚህ ረገድ ይቀድመናል።

ቋንቋውም ዘመድ መስሎ ያታልላል። አል ዐይን ማለት ምንጩ ማለት ነው። «ላሕም» በዐረብኛ ሥጋ ነው፤ በእኛ ላሟ ራሷ ናት።

ከሁሉ የከበደው ግን ከገዛ ወገናችን ጋር የምንገናኝበት ጊዜ ነው። ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ታማ ስትመጣ «የአገርሽ ሰው ናት፣ ነይ አስተርጉሚ» እንባላለን። «ማዳም» የምትላት አሠሪዋ አጠገቧ ቆማለች። ሠራተኛዋ «ልቤን ያቃጥለኛል» ብትል ሕመሙ ከጨጓራ ሊሆን ይችላል፤ «ብርድ መታኝ» ስትል ቃል በቃል ቢተረጎም ሐኪሙ የሚጨብጠው ነገር የለም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ የሆነ የጅማ ወይም የአርሲ ልጅ ከሆነች ደግሞ ችግሩ ይደራረባል። እንቅልፍ ታገኚያለሽ ወይ፣ የመታሽ ሰው አለ ወይ ብሎ ለመጠየቅ አሠሪዋን በትሕትና ከክፍሉ ማስወጣት ያስፈልጋል። እንደ እኅት ማጽናናትና እንደ አስተርጓሚ ቃሏን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማቅረብም ለየቅል ናቸው። ይህን ያስተማረን የለም።

አንዳንዶች «ዩኒቨርሲቲዎቹ ለአዲስ ገቢዎች ገለጻ ይሰጡ የለም ወይ?» ይሉናል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የአል ዐይኑ የኤምሬቶች ዩኒቨርሲቲም ሆነ በ2010 ትምህርት የጀመረው ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡ ዳቢ ስለ ራሳቸው ቤት ይነግሩናል እንጂ እኛ ይዘን ስለመጣነው ይሉኝታና ኩራት ሊነግሩን አይችሉም። ኩራት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን «የዐረብ አገር ሠራተኛ» እንዳይባል አማርኛ መናገር የሚያፍር አለ። እርሷ ግን በኩሽናና በሳሎን የለመደችው ዐረብኛ እኛ ከመጽሐፍ ከለቀምነው ይበልጣል፤ የቤቱን ሥርዓት፣ የእንግዳ አቀባበሉን፣ የቁጣውን ምልክት ታውቃለች።

ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተለውን እንዲያስብበት እንጠይቃለን። በክረምት አገር ቤት የምንገባ አባላት ከአዲስ ሂያጆች ጋር ሦስት ቀን እንቀመጥ፤ ዋናዎቹ አስተማሪዎች ግን ከዐረብ አገር የተመለሱ እኅቶቻችን ይሁኑ። አበላቸውም እንደ ማንኛውም መምህር ይከፈል፤ ለበጎ ፈቃድ ብላችሁ ኑ ማለት ነውር ነው። የአዳራሹን ኪራይና የሻዩን ወጪ ከአባልነት መዋጮ መሸፈን ይቻላል። ጉዳዩ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ እንዲቀርብ ከወዲሁ እንዲያዝልን እናሳስባለን።