መብራት ጌም አያጫውትም



ዛሬ የምጽፈው ብዙዎቻችሁ «ይሄ ደግሞ ምን ያስጽፋል?» ስለምትሉት ነገር ነው። ስለ ጌም ኮምፒውተር። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነገሩ የጨዋታ ቢመስልም ውስጡ የሰው ላብና የሰው ሐቅ አለበት።

ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ከትምህርት መልስ ሞባይል ቤት እየሠራ ብር አጠራቀመ። የጎደለውን ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው እህታችን ላከችለት። ተደምሮ 48 ሺህ ብር ሆነ። ቴሌግራም ላይ ያየውን «ኮር አይ 7 ጌሚንግ ፒሲ» ገዝቶ መጣ። ኬዙ በአንድ ጎኑ መስታወት ነው፤ ውስጡ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ መብራት ይሽከረከራል። ማታ ክፍሉ የሠርግ ቤት መሰለ። እናታችን ሳትቀር መጥታ «ማሻአላህ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ጌሙ መንቀራፈፍ ጀመረ። ድራይቨር ሲያድስለት ደግሞ ስክሪኑ ጭራሽ ጠቆረ። ከፍቼ አየሁት። አይ 7 የተባለው አይ 7-2600 ነው፤ እ.ኤ.አ. 2011 የወጣ። ግራፊክስ ካርዱ ላይ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጂቢ» ተብሎ ተለጥፏል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ስከፍት ግን ከካርዱ ስም ፊት «ፌክ» የሚል ቃል አወጣ። ውስጡ ያለው ቺፕ 2010 ላይ የወጣው ጂቲኤስ 450 ነው። ባዮሱን ቀይረው አዲስ ስም እንዲናገር አድርገውታል። ሻጩ ጋ ስንሄድ ምን አለን መሰላችሁ? «ሲበራ አይታችሁ አይደል የወሰዳችሁት?»

ዛሬ መሞገት የምፈልገው ይህችን መልስና እሷን የሚመስሉትን ነው።

«ገዢው አይቶ ነው የወሰደው» ለሚሉ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው እርጥበት ማግኘታቸውን ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርሳቸው ግን ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ማታለልንም በከባድ ቃል አወገዙ። ልብ በሉ! ያ ሰው እህሉን አላረጠበውም፤ ዝናብ ነው ያረጠበው። ጥፋቱ እርጥቡን ከታች፣ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ነው።

እና የ15 ዓመት ካርድን በአዲስ ስም ለጥፎ በመብራት ማድመቅ ከዚያ በምን ይለያል? መብራቱ ደረቁ እህል ነው። ቺፑ እርጥቡ ነው። ይባስ ብሎ እዚህ ላይ ዝናብ የለም፤ ባዮሱን የቀየረው የሰው እጅ ነው። «እኔም እንደዚሁ ነው የገዛሁት፣ አላወቅሁም» የምትል ነጋዴ ካለህ፣ ጂፒዩ-ዚን ከፍቶ ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በቀን ሃያ ካርድ የሚሸጥ ሰው «አላወቅሁም» ሊለን አይችልም። የተደበቀ ዐይብ ያገኘ ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው ደግሞ ፊቅህ ላይ የተማርነው ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይህን ሐቅ አያነሳውም።

«አይ 7 ከአይ 5 ይበልጣል» ለሚሉ

ይሄ በከተማችን በብዛት የሚሸጥ ውሸት ነው። አይ 7 የሚለው ስም ከ2008 ጀምሮ አለ። ስሙ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብብ። አይ 7-2600 ሁለተኛ ጀነሬሽን ነው፤ 4 ኮር አለው። አይ 5-8500 ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው፤ 6 ኮር አለው፤ የወጣውም በ2018 ነው። በጌም ላይ «ትንሹ» አይ 5 «ትልቁን» አይ 7 ይጥለዋል። ሌላም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለተኛና ሦስተኛ ጀነሬሽን በ«ጌሚንግ» ስም የሚሸጥልህ ሰው ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ነው የሚያሸክምህ።

ግራፊክስ ካርድ ላይም እንዲሁ ነው። አርኤክስ 580 የሚባለው ካርድ 2304 ማስሊያ ክፍሎች አሉት። በ2018 ለቻይና ገበያ የወጣው፣ ስሙ ላይ «2048ኤስፒ» የሚል ጭራ ያለው ግን 2048 ብቻ ነው ያለው፤ ይህም የአርኤክስ 570 ቁጥር ነው። ጭራውን ቆርጦ «580 ነው» ብሎ የ580 ዋጋ መቀበል ሚዛን ማጉደል ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

«ያገለገለ ዕቃ ሁሉ ቆሻሻ ነው» ለሚሉ

እነዚህ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ያሉ ናቸው። «አዲስ ካልሆነ ተወው» ይላሉ። ወንድሜ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የኮምፒውተር ዕቃ ደግሞ ሁሉም በዶላር ነው የሚመጣው። «አዲስ ብቻ ግዛ» የሚለው ምክር ለአብዛኛው የከተማ ወጣት «አትግዛ» ማለት ነው።

ያገለገለ ዕቃ ነውር የለበትም። ነውሩ መደበቁ ነው። ሴፕቴምበር 2022 ላይ ኢተሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የከረሙ እጅግ ብዙ ካርዶች በየአገሩ ወደ ገበያ ወጡ። ከእነዚህ ውስጥ ደህና የሆኑ ሞልተዋል። ፋኑ ይደክማል፣ ቺፑ ላይ የሚቀባው ፔስት ይደርቃል፤ ሁለቱም ይቀየራሉ። ሻጩ «ማይኒንግ ላይ የነበረ ነው፣ ዋጋውም ለዚህ ነው የቀነሰው» ካለህ ሐላል ንግድ ነው፤ ግዛው፣ አላህ በረካ ያድርግበት። «ዱባይ አንድ ሰው ቤት ትንሽ ተሠርቶበት የመጣ» ካለህ ግን ጠይቅ፣ ፈትሽ።

«ደሃ ጌም ምን ያደርግለታል?» ለሚሉ

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ታላላቆቻችን ናቸው፤ አደብ ጠብቀን እንመልስላቸው። ሶላት የሚያሳልፍ፣ ሌሊቱን በጌም የሚያነጋ ልጅ ካለ ተግሣጻችሁ በቦታው ነው። ግን ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ያው ቪዲዮ የሚያቀናብረው፣ አውቶካድ የሚከፍተው፣ ብሌንደር ላይ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል የሚያሠራው ኮምፒውተር ነው። ብሌንደር ደግሞ ነፃ ነው። በመንደራችን የሠርግ ቪዲዮ እየሠሩ ቤተሰብ የሚያግዙ ልጆች መጀመሪያ ኮምፒውተር የነኩት ለጌም ብለው ነው። ልጁ ራሱ ዕቃ መርጦ፣ ራሱ ገጣጥሞ ሲያስነሳው ደግሞ ሙያ ነው የያዘው።

ታዲያ በትንሽ ብር እንዴት ይሁን?

ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ በየሳምንቱ ይቀያየራል። መንገዱን ግን ልንገራችሁ።

አንደኛ፦ ከቢሮ የወጣ ታወር ፈልግ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር፤ ስምንተኛ ጀነሬሽን አይ 5 ያለው። ግራጫ ነው፣ አያምርም፣ መብራት የለውም፤ ግን ጠንካራ ነው። ትልቁን ቁመት ምረጥ። ቀጭኑን ከገዛህ አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚገባልህ፤ እሱ ደግሞ ይወደዳል።

ሁለተኛ፦ ለካርዱ ብር አስቀር። የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ ነው፤ በብዙዎቹም ላይ የማዘርቦርዱ መሰኪያ ከተለመደው ስለሚለይ እንደልብ አይቀየርም። ስለዚህ ከ75 ዋት የማያልፍና ተጨማሪ የመብራት ገመድ የማይፈልግ ካርድ ፈልግ። ጂቲኤክስ 1650 እና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው፤ ተጨማሪ መሰኪያ ያላቸውም ስላሉ አይተህ ግዛ። አርኤክስ 580 ግን 185 ዋት ነው፤ የቢሮ ማሽን ላይ አትሰካው።

ሦስተኛ፦ ራም 16 ጂቢ፣ በሁለት ባለ 8 ይሁን እንጂ በአንድ አይሁን፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ፍጥነት ይጨምራሉ። ሃርድ ዲስክን ለማከማቻ ተወውና ዊንዶውሱንና ጌሙን ኤስኤስዲ ላይ ጫን።

አራተኛ፦ ለካርድ ብሩ ካልደረሰ አትበደር። ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለው ፕሮሰሰር በውስጡ ግራፊክስ አለው፤ ጂቲኤ 5ን የመሳሰሉ ጌሞችን ጥራቱን ቀንሰህ ያጫውትሃል። ካርዱን አላህ ሪዝቅ ሲያሰፋልህ ትጨምራለህ። ለጌም ተብሎ ዕዳ ውስጥ መግባት፣ ያውም ወለድ ያለበት ከሆነ፣ በምንም ሚዛን አያዋጣም።

አምስተኛ፦ ሳትፈትሽ ብር አትክፈል። ኬዙን አስከፍተህ እይ። ሲፒዩ-ዚንና ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዘህ ሂድ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የዲስኩን ጤንነት ያሳይሃል። ፈርማርክን 20 ደቂቃ አሠርተህ ሙቀቱን ተከታተል። ደረሰኙ ላይ «ጌሚንግ ፒሲ» ሳይሆን የፕሮሰሰሩና የካርዱ ሙሉ ስም ይጻፍ። ይህን እምቢ ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቶሃል፤ አመስግነህ ውጣ።

ስድስተኛ፦ መብራት በሚሄድ በሚመጣበት ሰፈር ስታብላይዘር ከሚያብረቀርቅ ኪቦርድ ይቀድማል።

አሁን ደግሞ ለእኛው ለወጣቶቹ

ሁሉንም ጥፋት ነጋዴው ላይ አንከምር። ነጋዴው መብራት የሚሸጠው እኛ መብራት ስለምንገዛ ነው። ቲክቶክ ላይ የሚታየው መብራቱ ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ማንም አይቀርጽም። ለታይታ የምንከፍለው ብር ነው ለማታለል በር የከፈተው። ስንቶቻችን ነን የካርዱን ስም ሳንጠይቅ «ስንት ፋን ያበራል?» ብለን የጠየቅነው?

የወንድሜን መጨረሻ ልንገራችሁ። ያ ሻጭ ብሩን አልመለሰም። አንድ ማታ ወንድሜ ስልኩ ላይ ሲጽፍ አየሁት፦ «ጌሚንግ ፒሲ፣ አይ 7፣ 1050 ቲአይ፣ አስቸኳይ ሽያጭ»። ለእሱ የተሸጠለትን ውሸት ቃል በቃል ገልብጦታል። «እኔስ ልሞኝ? እንደገዛሁት ነው የምሸጠው» አለኝ። አልጮህኩበትም። «የሚገዛህ ልጅም እኮ ጅዳ እህት ይኖረው ይሆናል» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ ማስታወቂያውን አጠፋው። በማግስቱ እንደገና ጻፈ፦ «አይ 7-2600፣ የ2011። ካርዱ ፌክ ነው፣ ጂቲኤስ 450። ለቢሮ ሥራ ይሆናል።» ከከፈለው ሲሶ እንኳን አላገኘም። ሞኒተሩን አስቀርቶ፣ አምስት ወር ተጨማሪ ሠርቶ፣ ግራጫ ታወርና ያገለገለ 1650 ገዛ። ራሱ ገጣጠመው። ይሠራል።

እህታችን ስትደውል «ኮምፒውተርህ እንዴት ነው?» ትለዋለች። «ደህና ነው» ይላታል። ምን እንደተፈጠረ እስከ ዛሬ አልነገራትም።

ነጋዴ ወንድሜ፣ ያ 48 ሺህ ብር ከየት እንደመጣ አንተ አታውቅም፤ አላህ ግን ያውቃል። ዕቃህን በስሙ ጥራው። አንተም ገዢው ከመብራቱ በፊት ቁጥሩን አንብብ። ኮምፒውተር ሊገዛ ለተነሳ ጓደኛችሁም ይህን አድርሱት፤ ብሩን ከፍሎ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመሄዱ በፊት።

አላህ በንግዳችንም በጨዋታችንም ሐቀኞች ያድርገን።