ሰጋቱራው ይናገራል፦ የዶለዶመ መጋዝ ዕዳ የማን ነው?

ባሕር ዛፍ በሞተር መጋዝ በሚቆረጥበት ቦታ ሁሉ አንድ የታወቀ ጭቅጭቅ አለ። መጋዙ አልቆርጥ ሲል ባለቤቱ «ልጁ ሰነፍ ነው» ይላል። ቆራጩ «ማሽኑ አርጅቷል» ይላል። መካኒኩ ደግሞ ካርቡራተር መፍታት ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ሦስቱም ተሳስተዋል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ልጁም አልሰነፈም። የዶለዶመው ሰንሰለቱ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ዱልዱም ሰንሰለት በራሱ ስለማይቆርጥ ሰውየው በክንዱና በወገቡ ይጫነዋል። የተጫነው መጋዝ ግንዱን ጨርሶ ድንገት ሲያልፍ ሚዛን ያስታል፤ እግር ደግሞ ከታች ነው። ነዳጁ በከንቱ ይነዳል፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ይግላል፣ ይበላል። በዛፍ ቁጥር የሚከፈለው ቆራጭ ደግሞ በድካሙ ላይ ገቢው ይቀንሳል። ሁሉም በአንዲት ሞረድ እጦት!

ምርመራው ባለሙያ አይጠይቅም፤ መሬት ማየት ይበቃል። የተሳለ ሰንሰለት ወፈር ያለ የእንጨት ቁርጥራጭ ይተፋል፤ የዶለዶመ ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ያወጣል። የተሳለው ራሱን ወደ እንጨቱ ይስባል፤ የዶለዶመው ግፊት ይለምናል። ዘይቱ በደንብ እየደረሰው እንጨቱ ከጨሰ ስለቱ አልቋል ማለት ነው። ቆረጣው ወደ አንድ ጎን ከታጠፈ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ወገን ጥርሶች ከሌላው ወገን አጥረዋል ወይም ደንዘዋል። የቀረው ጥርጣሬ በፀሐይ ይፈታል፦ ሞተሩ ጠፍቶ ጥርሱ ብርሃን ላይ ሲታይ ጫፉ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ካለ ዶልዷል። ስለት ያለው ጫፍ አያብረቀርቅም።

ሰንሰለቱ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት አመጣጡን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆሴፍ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ አንድ የጥንዚዛ እጭ ግንድን በመንጋጋዋ ግራና ቀኝ እየፋቀች ስትበላ ተመለከተ። ዛሬ በየቦታው የምናየው ሰንሰለት ከዚያ ሐሳብ የመጣ ነው። ጥርሶቹ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ እየሆኑ ይደረደራሉ። ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ያለችው ጉብታ ደግሞ ጥርሱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንጨት እንደሚጎርስ ትወስናለች።

አሳሳሉም ከዚሁ ይከተላል። ሞተሩ ይጠፋል፣ ፍሬኑ ይያዛል፣ ጓንት ይጠለቃል፣ መጋዙ እንዳይነቃነቅ ይታሰራል። ክቡ ሞረድ ውፍረቱ ለሰንሰለቱ የሚሆን መሆን አለበት፤ እንደ ሰንሰለቱ ዓይነት 4፣ 4.8፣ 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ለብዙ ሰንሰለቶች 30 ዲግሪ አካባቢ ተይዞ፣ የሞረዱ አንድ አምስተኛ ያህል ከጥርሱ አናት በላይ ወጥቶ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይገፋል። ሲመለስ ብረት አይነካም። መጀመሪያ በጣም ያጠረው ጥርስ ይፈለጋል፣ ሌሎቹ በእሱ ልክ ይሆናሉ። ስለቱ ሳይጠፋ በየነዳጅ መሙያው የሚሳል ከሆነ ለአንድ ጥርስ ሁለት ሦስት ግፊት ይበቃል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነውና።

ሁለት ጥፋቶች ግን ሰው ያስጎዳሉ። አንደኛው በግራይንደር መሳል ነው። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ጥርሱ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ የብረቱ ጥንካሬ ይሄዳል፣ ስለቱም አይቆይም። ሁለተኛው «ብዙ ይጎርሳል» በሚል ጉብታዋን ያለ መለኪያ መሞረድ ነው። በብዙ ሰንሰለቶች ጉብታዋ ከጥርሱ ዝቅ የምትለው 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከወረደች ጥርሱ ከአቅሙ በላይ ይጎርሳል፤ መጋዙም ወደ ቆራጩ ፊት የመፈናጠር አደጋው ይጨምራል።

እንግዲህ ጥያቄው፦ ይህን ሁሉ የማሟላት ኃላፊነት የማን ነው? በልማድ የቆራጩ ነው። ማሽኑ ይሰጠዋል፣ ነዳጅ ይለካለታል፤ ሞረድ ግን «የራስህ ጉዳይ» ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን እንዲህ አይልም። በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያውቅ ማድረግና የአደጋ መከላከያ መስጠትም እንዲሁ። ብዙ ቆራጭ የሚቀጠረው በቃል ነው፤ አዋጁ ደግሞ የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አላለም። ያለ ሞረድ የተሰጠ መጋዝ ግማሽ መሣሪያ ነው።

«መጋዝ ደን አጠፋ እየተባለ ስለ መሳል ይወራል?» የሚል አይጠፋም። ስጋቱ እውነት ነው፤ መልሱ ግን ዱልዱም መጋዝ አይደለም። ደን የሚጠበቀው በሕግና በቁጥጥር ነው። ዱልዱም ሰንሰለት ያዳነው ደን የለም፤ የሚያደማው ግን ገበሬው ለአጣናና ለማገዶ የተከለውን ባሕር ዛፍ የሚቆርጠውን የቀን ሠራተኛ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። መጋዝ የሚሸጥ ሁሉ ትክክለኛውን ሞረድና የጉብታ መለኪያ አብሮ ይሽጥ፤ አጠቃቀሙንም በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ያሳይ። ማሽን የሚያከፋፍሉ ፕሮጀክቶች ርክክቡን በፎቶ ሳይሆን በስለት ሥልጠና ይጨርሱ። አሠሪም ለመሳያ የምትሄደውን አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ከሥራ ሰዓት ይቁጠራት። እስከዚያው ግን «ልጁ ሰነፍ ነው» ከማለት በፊት ጎንበስ ብሎ ሰጋቱራውን ማየት ነው። ዱቄት ከሆነ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።