ሁለተኛው አልበም የማን ዕዳ ነው?

አንድ የሙዚቃ ቡድን በመጀመሪያ ሥራው ሲወደስ፣ የውዳሴው ከፊል ድርሻ የአዲስነቱ ነው። ሁለተኛው ሥራ ይህ ከለላ የለውም። በዚያን ጊዜ የሚመዘነው የከያንያኑ ችሎታ ብቻ ሳይሆን ቡድኑ የበቀለበት አፈር ጭምር ነው። በዚህ ረገድ የጃኖ ባንድ ጉዞ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል።

ጃኖ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ አማርኛን ከከባድ የኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ያጋባ የሮክ ቡድን ለአብዛኛው አድማጭ ጆሮ እንግዳ ነበር። በፕሮዲውሰርነት የሠራው አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላዝዌል ነው። ስሙን ከአፋር እሳተ ገሞራ የተዋሰው አልበም ስሙን የሚመጥን ግለት ነበረው። ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» የወጣው ግን ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በተጫዋቾቹ ሙያ ላይ የሚነሣ ነቀፌታ የለም። ሆኖም ሥራው የመጀመሪያውን ያህል ክርክርና ንቅናቄ አልቀሰቀሰም። ስድስት ዓመት የታገሠ አድማጭ የጠበቀው አዲስ እርምጃ ነበር፤ የቀረበለት ግን በአመዛኙ የሚያውቀው መንገድ ሆነ።

ከዚህ ቅሬታ ሁለት ድምዳሜዎች ሲመዘዙ ይስተዋላል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

የመጀመሪያው «ሮክ የባዕድ ነው፤ በእኛ አፈር ሥር አይሰድም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ወገኖች የአገራቸውን የሙዚቃ ታሪክ ዘንግተዋል። አርባ ልጆች በመባል የታወቁት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም መጥተው በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት የናስ መሣሪያ ሲነፉ፣ መለከታቸው ከጊታር ያልተናነሰ ባዕድ ነበር። ያም ሆኖ ከእርሱ ወዲህ የመጣው ትውልድ የውጭውን መሣሪያ የራሱ አንደበት አደረገው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን ሲያሰማ፣ አድማጭ የሰማው የጦር ሜዳውን ድምፅ እንጂ የአውሮፓን ፋብሪካ አልነበረም። መሣሪያ የማን መሆኑን የሚወስነው የተሠራበት አገር ሳይሆን የሚናገረው ቋንቋ ነው።

ሁለተኛው ድምዳሜ «ቡድኑ ለገበያ ሲል ተለሳለሰ» የሚለው ነው። ይህም ጥፋቱን ሁሉ በከያንያኑ ጫንቃ ላይ ጥሎ እጁን የሚታጠብ ፍርድ ነው። እዚህ ላይ የዚያው የጌታቸው መኩሪያ ሥራ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ጌታቸው ከኔዘርላንዱ የፓንክ ሮክ ቡድን ከዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሁለተኛው የጋራ አልበማቸው «የአንበሳው ትዝታ» የወጣው በ2012 ነው። በሁለቱ መካከልም የስድስት ዓመት ልዩነት አለ። ሆኖም እነዚያ ዓመታት ባዶ አልነበሩም፤ ሽማግሌው ሳክስፎን ነፊና ባለጊታሮቹ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መድረኮች እየተዘዋወሩ አብረው ተጫውተዋል። ሁለተኛው ሥራ ያረፈው በዚህ የመድረክ ልምድ ላይ ነበር።

በአገር ውስጥም ምስክር አለ። የዋልያስ ባንድ ክንድ የጠነከረው በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ከምሽት ምሽት በመጫወት ነው። አይቤክስም በራስ ሆቴል እንዲሁ። አንድ ዜማ በመቶኛው ምሽት ከመጀመሪያው ምሽት የተለየ የሚሆነው፣ ተጫዋቹ በአድማጭ ፊት ሲሳሳት፣ ሲያርምና ሲደፍር ነው። ዛሬ ግን ለአንድ የሮክ ቡድን እንዲህ ያለ ቋሚ የሥራ ቦታ ማን ይሰጠዋል? ዘወትር የሚጫወትበት ቤት የሌለውን ቡድን በስቱዲዮ ውስጥ አልጎለመስክም ብሎ መክሰስ፣ ያላጠጡትን ችግኝ ፍሬ አላፈራህም ብሎ እንደ መቁረጥ ነው።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ የሚመስለው ቢኖር ዓይኑን ወደ ማሻ ይመልስ። ከጎሬ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በቀርከሃና በጥቅጥቅ ደን መካከል የምትገኘው ይህች ከተማ «ኤርታሌ» በወጣበት በዚያው በ2012 የሸካ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገብ አይታለች። ዛፉን የሚጠብቅ ሕግ ተገኘ፤ መልካም ነው። ከዛፉ ሥር የሚዘፈነውን ዜማ ወደ ነገ የሚያሻግር መድረክስ የት አለ? በማሻም ሆነ በሚዛን ተፈሪ ጊታር ያነሣ ወጣት ከሠርግ ቤት በቀር ብዙ አማራጭ የለውም፤ በዚያም ቢሆን ስድስት ሰው የሚሠራውን አንድ ኦርጋን በተቀዳ ምት ተክቶታል። ኦርጋኑ ርካሽ ነው፤ አይደክምም፤ አበል አይጠይቅም። ነገር ግን አብሮ መጫወትን አያስተምርም።

ጉዳቱ ግን ከወጣቱ የሥራ ዕጦት ያልፋል። የከተማው ዘመናዊ ሙዚቃ በአመዛኙ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ላይ ቆሟል። በደቡቡ አገር ግን ሌላ ሀብት አለ፤ ዶርዜዎች በርካታ ድምፆችን አስተባብረው ይዘምራሉ፤ የአሪ ዋሽንት ነፊዎችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ይዘው አንድ ዜማ በጋራ ይገነባሉ። ሮክ የሚፈልገው የቡድን መንፈስ ከዚህ የተለየ አይደለም። የሸካ፣ የከፋ፣ የቤንችና የመዠንገር ዜማም የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉን ከባለቤቶቹ ተምሮ በጊታርና በድራም የሚመረምረው ግን ገና አልበዛም። አድማጭ ከሁለተኛ አልበም የሚናፍቀው አዲስ እርምጃ ሊገኝ ከሚችልባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። ቡድኖች ወደዚህ ምድር ካልመጡ፣ የምድሪቱም ልጆች ቡድን ማቋቋም ካልቻሉ፣ ሦስተኛውም አልበም ሁለተኛውን መምሰሉ አይቀርም።

«በጀት የለም» የሚለው ምላሽ የተለመደ ነው። ይሁንና ባለው አዳራሽ በሳምንት አንድ ምሽት ለወጣት ቡድኖች መክፈት አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የባሕል ጽሕፈት ቤቶች ለስብሰባ ማድመቂያ ብቻ የሚጠሩትን የኪነት ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሊያሠሩት ይችላሉ። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አረጋውያን ልከው ዜማ ሊያስቀዱ ይችላሉ። ከያንያንም ቢሆኑ ከወቀሳው ነፃ አይደሉም፤ በመጀመሪያ ሥራቸው ያገኙትን ጭብጨባ ጥግ አድርገው መቀመጥ አይፈቀድላቸውም፤ ያልሰሙትን የአገራቸውን ድምፅ ፍለጋ መውጣት ግዴታቸው ነው።

የሁለተኛው አልበም ዕዳ እንግዲህ የጃኖ ብቻ አይደለም። ባለአዳራሹም፣ ባለበጀቱም፣ መምህሩም ድርሻ ድርሻቸውን ሊከፍሉ ይገባል። ይህ ሳይሆን የሚሰነዘር ወቀሳ ከሂስ አይቆጠርም።