የኮልፌ ምሳ ካርታው ላይ የለም

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ጓደኛዬ ከቦሌ ደወለልኝ። «ቅዳሜ በእናንተ ሰፈር አልፋለሁ፤ ኮልፌ የመጣ ሰው ምን ይበላል?» አለኝ። ተወልጄ ያደግኩት ኮልፌ ነው፤ ጥያቄው ለእኔ ቀላል መሆን ነበረበት። «ቆይ፣ ሎኬሽን ልላክልህ» ብዬ ስልኬን ከፈትኩ።

ካርታው ላይ «ምግብ ቤት» ብዬ ፈለግኩ። በርገር መጣ። ፒዛ መጣ። ካፌዎች መጡ፣ ጁስ ቤት መጣ። እኔ ልልክለት ያሰብኩት ግን የለም። ከአጠና ተራ ወረድ ብሎ፣ በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋችሁ የምትገቡበት ቆጮ ቤት ነው። ባለቤቷን ሁላችንም «እቴቴ» ነው የምንላቸው። ቤታቸው ካርታው ላይ የለም፤ ስልክ ቁጥራቸውም እኔ ጋ የለም። ያን ሁሉ ዓመት እጃቸውን በልቼ ቁጥራቸውን አልያዝኩም።

«ችግር የለም፣ እኔው እወስደዋለሁ» ብዬ ዓርብ ማታ ለማረጋገጥ ወረድኩ። ቤቱ የለም። መንገዱ ሲሰፋ ተነስቷል። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ሣርና መብራት አለ። አልዋሽም፣ ያምራል። ፊት ለፊት ሱቅ ያለውን ልጅ «እቴቴ የት ገቡ?» ብለው፣ «ኧረ እኔም እየፈለግኳቸው ነው፤ ደህና ቆጮ ከበላሁ ቆየሁ» አለኝ።

ይህን የምጽፈው ስለ መንገዱ ለማማረር አይደለም። ከተማ ይቀየራል፣ መንገድም ይሰፋል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ በርገር ቤት ቢነሳ አዲሱን አድራሻ በማግስቱ ስልካችን ላይ እናገኘዋለን። ቆጮ ቤት ሲነሳ ለምን እንደ ጭስ በኖ ይጠፋል? ለእኔ መልሱ አጭር ነው፤ መጀመሪያውኑም እኛ በላተኞቹ ስላልቆጠርነው ነው።

ኮልፌ ቀራንዮን የማያውቅ ሰው ስለ ሰፈራችን ሲያስብ ቶሎ የሚመጣለት አጠና ተራ፣ እፎይታ ገበያና የታክሲ ወረፋ ነው። ጠዋት ከቤቴል ወይም ከቀራንዮ ከፍ ካለ ቦታ ወደ ምዕራብ ብታዩ ግን ወጨጫ ተራራ ከፊታችሁ ተዘርግቷል። ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው እሳተ ገሞራ ነው። በወዲያኛው ጎኑ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጥድ ተተከለበት የሚባለው የመናገሻ ሱባ ደን አለ።

በዚህ ተራራ በግራና በቀኝ ሁለት ትልልቅ መንገዶች ያልፋሉ። በሰሜን በኩል ያለው የአምቦ መንገድ ቡራዩንና ሆለታን አልፎ እስከ ወለጋ ይዘልቃል። በደቡብ በኩል ያለው የጅማ መንገድ በአየር ጤና ወጥቶ፣ በሰበታና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ይገባል። ዓለም ገና ላይ ተገንጥሎ የሚታጠፈው ደግሞ በቡታጅራ በኩል ወራቤና ሆሳዕና ይደርሳል። የኮልፌ ማዕድ የመጣው በእነዚህ መንገዶች ነው። የተሳፈረው ሰው ከነጓዙ የእናቱን ምግብ ይዞ ወርዷል።

በጅማ መንገድ የጉራጌው ቆጮ መጣ፤ ከክትፎ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር። በቡታጅራ መንገድ የስልጤዎቹ አተካና መጣ፤ በቡላና በቅቤ የሚሠራ፣ በተለይ በአረፋ ሰሞን የሚናፈቅ። ከዚያም ርቆ፣ ከጨንቻ ደጋ የመጡት የጋሞ ሸማኔዎች በእንሰት ቅጠል የተጋገረውን ስስ ቆጮ ከሚያቃጥል ዳጣና ከማር ጋር ይዘው መጡ። በአምቦ መንገድ ደግሞ በቅቤ የታሸው የገብስ ጩኮ፣ ማርቃው፣ የወለጋው አንጮቴ መጣ። አንጮቴን ላልቀመሳችሁ፣ ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተከትፎ በተነጠረ ቅቤ ሲታሽ ድንች እንዳይመስላችሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በእግርና በሁለት ታክሲ ርቀት አለ። ስልካችሁ ግን በርገር ነው የሚያሳያችሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጅ እያለሁ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ቆጮ ካለ ግድግዳ ይዤ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የምበላው። «ሸተተ» ይባላላ። እናቴን «እባክሽ እንጀራ ቋጥሪልኝ» ብዬ አልቅሼባታለሁ። እሷም ምንም አላለችኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራ ቋጠረችልኝ። ዛሬ ሳስበው የሚከነክነኝ ያ ዝምታዋ ነው።

ያ «የሸተተ» ነገር እንዴት እንደሚሠራ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። ሲደርስ ሴቶች ግንዱን ይፍቁታል፣ ሥሩን ይከትፉታል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ለሳምንታት፣ ካስፈለገም ለወራት። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ዱቄት ቡላ ነው። ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ይባላል። እንሰትን አልምቶ ምግብ ያደረገው የዓለም ሕዝብ የእኛው አገር ሕዝብ ብቻ ነው። ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው ዋና ወይም ተጨማሪ ቀለብ ነው፤ ዝናብ ሲቀርም ከብዙ ሰብል የተሻለ ይቋቋማል። ፈረንጅ አስቦክቶ የጋገረውን ዳቦ በውድ ገዝተን ፎቶ የምናነሳ ሰዎች ወር የተብላላውን ቆጮ «ሸተተ» ስንል ትንሽ ማፈር ያለብን ይመስለኛል።

«ክትፎ እኮ ታዋቂ ነው፤ ምን ጎደለ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ክትፎ ቦሌ ገብቷል፤ ዋጋውም አብሮት ገብቷል። ቆጮው ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አጃቢ ነው። የቆጮ ቤቷ ባለቤትም ከክትፎው ጋር ቦሌ አልገባችም።

አሁን ትንሽ ራቅ አድርጌ ልውሰዳችሁ። ታናሽ እህቴ ቲክቶክ ላይ የጃፓንን ፉጂ ተራራ እያየች ነበር፤ ያውቁታል ሁሉም፣ አናቱ በረዶ የለበሰ፣ 3,776 ሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። እኔን የገረመኝ ግን ተራራው ሳይሆን ከሥሩ ያሉት ከተሞች ምሳ ነው። ካነበብኩት ልንገራችሁ።

ከፉጂ በስተ ሰሜን ያለው የያማናሺ አውራጃ ተራራማ ስለሆነ የሩዝ እርሻ እንደ ልብ አልነበረውም። ስለዚህ ሰዉ የስንዴ ሊጥ በሰፊው ቆርጦ ከዱባና ከአትክልት ጋር በሚሶ ሾርባ ይቀቅል ነበር። ሚሶ የቦካ አኩሪ አተር ነው። ሆቶ ይሉታል። የችግር ምግብ ነበር። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጋበዘው እሱ ነው።

እዚያው ተራራው ሥር ያለችው ፉጂዮሺዳ ደግሞ የሽመና ከተማ ነበረች። ሴቶቹ ሸማኔ ስለነበሩ እጃቸው ከሐሩ እንዳይለይ ምሳውን ወንዶቹ ያቦኩ ነበር ይባላል። በወንድ ጉልበት የታሸው ሊጥ ጠንከር ያለ ሆነ፤ የከተማዋ ኡዶን እስከ ዛሬ የሚታወቀው በዚያ ጥንካሬው ነው። ከላዩ ጎመንና የፈረስ ሥጋ ጣል ይደረግበታል። የፈረሱን ነገር ለእነሱ እንተውላቸው፤ ግን ሸማኔና ምሳ ሲባል የጨንቻዎቹ ጎረቤቶቼ ትዝ አሉኝ። ብዙዎቹ ኡዶን ቤቶች የሰው መኖሪያ ቤት ናቸው፤ ሳሎኑ ውስጥ ይበላል፣ ለምሳ ሰዓት ብቻ ይከፈታል፣ ሲያልቅ ይዘጋል። ልክ እንደ እቴቴ ቤት። ልዩነቱ ምንድን ነው? የእነሱ ቤት ካርታ አለው። ከተማዋ የኡዶን ቤቶቿን ካርታ አዘጋጅታ ለእንግዳ ትሰጣለች።

ሦስተኛዋ ከተማ ፉጂኖሚያ ናት፤ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚች ጋ ነው። የመሐል ከተማዋ ገበያ ሲቀዘቅዝ ነዋሪዎቹ «ምን እናድርግ?» ብለው ተሰበሰቡ። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ከተማቸው ውስጥ ያኪሶባ፣ ማለትም የተጠበሰ ኑድል የሚሸጥበት ቤት እንደ ጉድ ብዙ ነው። ርካሽ ነው፣ ልጅ ሆነው የበሉት ነው፤ ከቁም ነገር የቆጠረው ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2000 ማኅበር አቋቋሙ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ መዘገቡ፣ ካርታ ሠሩ፣ ለየቤቱ ባንዲራ ሰቀሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በጃፓን ርካሽ የሰፈር ምግቦች የሚወዳደሩበት አገር አቀፍ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ አንደኛ የወጣው የፉጂኖሚያ ያኪሶባ ነው። በ2007ም ደገሙት።

ልብ በሉ፣ አዲስ ምግብ አልፈጠሩም። ያላቸውን ቆጠሩ፣ በከተማቸው ስም ጠሩት፣ የት እንዳለ አሳዩ። በቃ።

እኛስ? «መንግሥት ይሥራልን» ማለት ይቻላል፤ ግን ካርታው ኪሳችን ውስጥ ነው። ጉግል ማፕ ላይ የሌለ ቦታ መጨመር ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ስለዚህ ለኮልፌ ልጆች፣ ለሌላውም ሰፈር ልጆች የምለው ይኸው ነው። በዚህ ወር እያንዳንዳችሁ አንድ ቤት መዝግቡ፤ አንድ ብቻ። «ምግብ ቤት» ብላችሁ አትለፉት፤ የምግቡን ስም ጻፉ፣ ቆጮ፣ አተካና፣ ጩኮ፣ አንጮቴ። በአማርኛም በሌላም ቋንቋ ቢሆን ጻፉት። ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጻፉ። ጾም ይሠራ እንደሆን፣ ሥጋው የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም ጻፉ፤ እኛ ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ከማፈር ይድናል። ክትፎው ለብለብ ይገኝ እንደሆነም ጨምሩበት፤ ጥሬ የማይደፍር ብዙ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቷን ጠይቁ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። «ሰው ሲበዛ አከራይ ይጨምርብኛል» የምትል አለች፤ ስጋቷ እውነት ነው። ፎቶ አንሽ መጥቶ የምሳ ሰዎቿን ቦታ የሚያጣብብባትም አለች። የአጠና ተራ ወዛደር ከሥራ መልስ የሚጠግብበትን ቤት እኛ አስወድደን ካባረርነው ጠቀምን ማለት አይደለም። ስለዚህ እሺ ካለች መዝግቡ፤ እምቢ ካለች ስልኳን ያዙ። ሁለቱም ከመጥፋት ያድናል።

እቴቴን አገኘኋቸው። ቆጮ የሚያመጣላቸው የኢሱዙ ረዳት ነበር ቁጥራቸው ያለው። አሁን ራቅ ያለ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ምጣዱን አልጋ ሥር ከተውታል። «ምነው እቴቴ፣ አይጋግሩም እንዴ?» ብላቸው፣ «ማን መጥቶ ይበላዋል ብዬ ልጄ? ያለሁበትን ማን ያውቃል?» አሉኝ።

ካርታ ላይ ላስገባዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ስልኬን ተቀብለው አዩት፣ መለሱልኝ። «እሱን ተወው፤ የሰው ቤት ነው፣ ጎረቤት ይቆጣል። ቁጥሬን ግን ለድሮዎቹ ስጥልኝ» አሉ። ቁጥራቸውን እዚያው የሰፈር ልጆች ባለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ላክሁ። ሳልጨርሰው ሱቅ ያለው ልጅ «እውነትህን ነው?» ብሎ ጻፈ። ከቦሌ የደወለው ጓደኛዬም ቁጥሩ ደርሶታል።

ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ሆነን ሄድን፤ ከፎቁ በታች ካለው የጋራ ማብሰያ ነበር የጋገሩልን። እናቴንም ይዣት ሄጄ ነበር። ቆጮውን ቆርሼ ሳጎርሳት ሳቅ ብላ፣ «እንጀራ ይሻላል ስትል አልነበር?» አለችኝ። አልረሳችም ለካ።