አርቪያችሁን ከመሰካታችሁ በፊት



በአሜሪካ የምትኖሩ ቤተሰቦች የሰመር ጉዞ የምታቅዱበት ጊዜ ደርሷል። ከማውቃቸው ሰዎች መካከል ሦስት ቤተሰቦች ዘንድሮ አርቪ ገዝተዋል ወይም ሊከራዩ አስበዋል። አርቪ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤትና ኤርኮንዲሽነር ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። አንዳንዱ ራሱ መኪና ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በሌላ መኪና ይጎተታል። ሦስቱም ቤተሰቦች አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ሰርጅ ፕሮቴክተር የሚባለው ነገር የግድ ያስፈልጋል? የቱንስ እንግዛ?»

እኔ ሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ማስተርሴን የሠራሁትም በኮምፒውተር ሳይንስ ነው። የዚህን ጥያቄ መልስ ያስተማረችኝ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረችው ሴት ልጄ ናት።

ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ተጎታች አርቪ ገዛን። በሁለተኛው ጉዟችን ቨርጂኒያ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የካምፕ ቦታ ሄድን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሣሩ ርሷል። በካምፕ ቦታ ለእያንዳንዱ አርቪ አንድ አጭር ምሰሶ ይዘጋጃል፤ ምሰሶው ላይ ሶኬትና ብሬከር ያለበት ሣጥን አለ። ገመዱን ጎትቼ እዚያ ሰካሁት። መብራቱ በራ፤ ኤርኮንዲሽነሩም ተነሣ። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ገባች። ልጄ በባዶ እግሯ ሣሩ ላይ ስትሮጥ ቆየችና የበሩን የብረት እጀታ ያዘች። ወዲያው እጇን ሰብስባ ጮኸች።

«ባባ፣ በሩ ነከሰኝ!»

በአማርኛ እንዲህ ሲሆን «ነዘረኝ» ነው የሚባለው። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ «መብራት ያዘው» ወይም «ኤሌክትሪክ ያዘው» ይባላል። አማርኛ እየተማራችሁ ያላችሁ ልጆች ቃሉን ያዙት፤ የልጄን አባባል ግን እስካሁን አላረምኩትም።

ገመዱን ነቅዬ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ጋሼ የምላቸው የአባቴን ጓደኛ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በኤሌክትሪሺያንነት የሠሩ ሰው ናቸው።

«ልጅቷ ደህና ናት?» አሉኝ በመጀመሪያ።

«ደህና ናት ጋሼ፤ ደንግጣ ነው እንጂ።»

«ተመስገን። የግራውንዱ ሽቦ ተቆርጦ ይሆናል። መከላከያ ነገር አልሰካህም?»

«ሰክቻለሁ እንጂ! ሰርጅ ፕሮቴክተር አለኝ» አልኩ በኩራት። ከ100 ዶላር በታች የገዛሁት ነበር።

«መብራቶቹ ምን ይላሉ?»

ቀደም ሲል ከሣጥኑ ላይ ሲንጠለጠል ያየሁትን ነገር አስታወስኩ። ከትንንሾቹ መብራቶች አንዷ ቀይ ነበረች። ገዝቼዋለሁ፣ ሰክቼዋለሁ፤ ልብ ብዬ ግን አላየሁትም።

«በል እንግዲህ» አሉ ጋሼ፣ «ሌባ ሲገባ እያየ ዝም የሚል ዘበኛ ቀጥረሃል።»

የካምፑ ሠራተኛ መጥቶ ሣጥኑን ሲከፍተው የግራውንዱ ሽቦ ከቦታው ወጥቶ ተገኘ። ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩን። ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሆነው ይህ ነው። በተራ የአሜሪካ ሶኬት ውስጥ ሦስት ሽቦ አለ። አንዱ ኃይል የሚያመጣው ነው፤ የአገራችን ባለሙያዎች «ፌዝ» ይሉታል። ሁለተኛው ኃይሉን የሚመልሰው ኒውትራል ነው። ሦስተኛው ግራውንድ፣ በአገር ቤት አጠራር «ኧርዝ» ይባላል። ሦስተኛው በደህና ጊዜ ምንም ሥራ የለውም። ከውሃ ማሞቂያው ወይም ከሌላ ዕቃ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ አርቪው ብረት ሲያመልጥ ግን ወደ ምንጩ የሚመልሰው እሱ ነው። ከተቆረጠ ያመለጠው ኤሌክትሪክ ብረቱ ላይ ይቀራል። አርቪ የሚቆመው በጎማ ላይ ስለሆነ መውጫ የለውም። እርጥብ ሣር ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ በሩን የሚነካ ሰው መውጫ ይሆነዋል።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «ሰርጅ» ማለት ድንገተኛ የቮልቴጅ መጨመር ነው፤ ለምሳሌ በአቅራቢያ መብረቅ ሲወድቅ የሚመጣው ዓይነት። ተራ ሰርጅ ፕሮቴክተር ውስጥ ቫሪስተር የሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። ቮልቴጁ ደህና ሲሆን ዝም ይላሉ፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ትርፉን ወደ ራሳቸው ስበው ያሳልፉታል። እያንዳንዱ ምት ከዕድሜያቸው ይቀንሳል። ማሸጊያው ላይ በጁል የሚጻፈው ቁጥር ምን ያህል መሸከም እንደሚችሉ ይነግራችኋል። ብዙ ጁል ጥሩ ነው። መብረቅ ቅርብ ከወደቀ ግን የትኛውም መሣሪያ አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ቀድሞ መንቀል ይሻላል።

ሰው ሁሉ ሲገዛ የሚያወዳድረው ጁልን ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ልጄን የነዘራት ግን ሰርጅ አልነበረም። በካምፕ ቦታ የምትፈሩት መብረቅን ብቻ ከሆነ የምትፈሩት ተሳስቷል። እነዚያ ሣጥኖች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅባቸዋል፤ በየቀኑ ይሰካባቸዋል፣ ይነቀልባቸዋል። ሽቦ ይላላል፣ ሶኬት ያረጃል፣ አንዳንዱንም ሲሠሩት ፌዙንና ኒውትራሉን አቀያይረውታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ስንት ጁል ነው?» ሳይሆን «ስህተት ሲያይ ኃይሉን ይቆርጣል ወይ?» የሚል ነው።

የሚቆርጠው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ኢኤምኤስ ይባላል። ከሰርጁ መከላከያ በተጨማሪ ሽቦዎቹ በትክክል መያያዛቸውን ይፈትሻል፤ ካልተያያዙ ኃይሉን ወደ አርቪው አያስገባም። ከዚያም ቮልቴጁን ያለማቋረጥ ይለካል። የአሜሪካ ሶኬት መደበኛው 120 ቮልት ነው። የታወቁት መሣሪያዎች ከ104 ቮልት ገደማ በታች ሲወርድ ወይም ከ132 ገደማ በላይ ሲወጣ ይቆርጣሉ። እኔ ፕሮግራም ስጽፍ ከውጭ የመጣ መረጃን ሳልፈትሽ አልቀበልም፤ ለኮምፒውተር ያደረግሁትን ጥንቃቄ ለልጄ ሳላደርግ መቅረቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ቮልቴጅ መውረዱ ምን ይጎዳል ትሉ ይሆናል። አዲስ አበባ እያለን መብራት ሲሄድ እናቴ መጀመሪያ የምትለው «ፍሪጁን ንቀሉት!» ነበር። ሻማ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ስለሚል ፍሪጅ ያቃጥላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤት ውስጥ ከፍሪጁ አጠገብ ስታብላይዘር ይቀመጣል። እናቴ መብራቱ ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃ ነበር የምታሰካው። ያኔ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ለካ ልክ ነበረች። የፍሪጅና የኤርኮንዲሽነር መጭመቂያ ሞተር ወዲያው ጠፍቶ ወዲያው ሲነሣ ይቸገራል። ኢኤምኤስም ኃይል ሲመለስ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆጥሮ ነው የሚያስገባው። የሐምሌ ሙቀት ሲበረታ ካምፑ ውስጥ ያለው ሁሉ ኤርኮንዲሽነር ያበራና ቮልቴጁ ይወርዳል። በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ሞተር ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የሚያቃጥለው በአንድ ቀን ላይሆን ስለሚችል ምክንያቱን ሳታውቁ ነው የምትከፍሉት።

ኢኤምኤስ ይቆርጣል እንጂ ቮልቴጅ አይጨምርም። ዝቅ ያለውን በ10 በመቶ ገደማ ከፍ የሚያደርግ አውቶትራንስፎርመር የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ፤ የስታብላይዘር ዘመድ ነው። ውድና ከባድ ነው። በሙቀት ወራት ደቡብ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ለማይቆም ሰው አልመክረውም።

ስትመርጡ መጀመሪያ የአርቪያችሁን መሰኪያ እዩ። ሦስት እግር ካለው ባለ 30 አምፔር ነው፤ በ120 ቮልት እስከ 3600 ዋት ይሰጣል። አራት እግር ካለው ባለ 50 አምፔር ነው፤ ሁለት ፌዝ ስላለው እስከ 12000 ዋት ይደርሳል። መሣሪያውም እንደ መሰኪያው ባለ 30 ወይም ባለ 50 መሆን አለበት።

ባለ 50 ያላችሁ የበለጠ ተጠንቀቁ። ኒውትራሉ ከተቆረጠ በሁለቱ ፌዞች መካከል ያለው 240 ቮልት በየመሥመሩ ባሉት ዕቃዎች መካከል እኩል አይከፈልም። በአንዱ መሥመር ባለ 1500 ዋት ማሞቂያ፣ በሌላው ባለ 100 ዋት ቴሌቪዥን ቢኖር ማሞቂያው ወደ 15 ቮልት ሲያገኝ ቴሌቪዥኑ ላይ ወደ 225 ይወጣል። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ለቴሌቪዥን የሚስማማ ቮልቴጅ ነው! ለ120 የተሠራው ግን ይጨሳል። ብዙ ጁል ያለው ተራ ሰርጅ ፕሮቴክተር እዚህ አያድናችሁም፤ ቫሪስተር የሚችለው ለቅጽበት የሚመጣን ምት ነው፣ ይህ ግን እየቆየ የሚያቃጥል ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሣጥኑ ላይ የሚሰካ ነው። ለተከራየ ሰው የሚሆነው ይኸኛው ነው፤ ከአንዱ አርቪ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሊሰረቅ ስለሚችል ቁልፍ ግዙለት። ሌላው አርቪው ውስጥ በቋሚነት ይገጠማል። ሌባም ዝናብም አያገኘውም፤ ግን ካልቻላችሁበት ገጣሚ መክፈል አለባችሁ። እኔ የሚሰካውን መረጥኩ። ኢኤምኤስ ከ200 ዶላር በላይ ይሄዳል፤ ባለ 50ው ወደ 400 ሊጠጋ ይችላል። አንድ የአርቪ ኤርኮንዲሽነር ለመቀየር ከሚወጣው ገንዘብ ጋር አስተያዩት። ማሸጊያው ላይ «ዩኤል 1449» የሚል ምልክት መኖሩንም ተመልከቱ፤ የሰርጅ መከላከያዎች የደኅንነት መለኪያ ነው።

ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሲቆርጡ የግራውንዱን ሽቦ አይቆርጡም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ስህተት ግራውንዱን ራሱን ኃይል ካሸከመው ወደ አርቪው ብረት ይመጣል። ስለዚህ ሳይነካ ኤሌክትሪክ የሚለይ፣ እስክሪብቶ የሚመስል መሞከሪያ ግዙ። ዋጋው ትንሽ ነው። ከሰካሁ በኋላ ማንም በሩን ሳይነካ በፊት እሱን ወደ ብረቱ አስጠጋለሁ። ከጮኸ ነቅዬ ቢሮው ጋ እሄዳለሁ።

ደጃችሁ ላይ ለአርቪው ሶኬት ልታስገቡ ከሆነም ልንገራችሁ። ባለ 30 አምፔሩን ሶኬት የልብስ ማድረቂያ መስሏቸው 240 ቮልት የሚያስገቡበት ኤሌክትሪሺያኖች አሉ። «120 ቮልት ነው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ተሠርቶ ሲያልቅም አርቪው ሳይሰካ አስለኩት። በአውሮፓ ያላችሁ ደግሞ 230 ቮልትና ሰማያዊ ባለ 16 አምፔር መሰኪያ ስለሆነ የምትጠቀሙት፣ ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ መሣሪያ አይሠራላችሁም።

አሁን የእኛ ቤት ሥርዓት እንዲህ ነው። ስንደርስ የሣጥኑን ብሬከር አጠፋለሁ። መሣሪያውን ብቻውን እሰካለሁ። ብሬከሩን አበራና እንጠብቃለን። ደህና ካለ መልሼ አጥፍቼ የአርቪውን ገመድ አያይዝና አበራለሁ። ቁጥሩን የምታነበው ልጄ ናት፤ በአማርኛ ማንበብ አለባት፣ ስምምነታችን ነው። እስከዚያ ድረስ ማንም ጫማ አያወልቅም።

ባለፈው ሰመር በጣም በሞቀ አንድ ከሰዓት በኋላ ኤርኮንዲሽነራችን ድንገት ዝም አለ። ልጄ ወደ ሣጥኑ ሮጠች።

«ባባ፣ መቶ ሦስት!»

የጎረቤቶቻችን ኤርኮንዲሽነሮች ያጓሩ ነበር። ባለቤቴ በጥያቄ ዓይን አየችኝ፤ እኔም ጥላ ወዳለበት ዛፍ ወንበር ማውጣት ጀመርኩ። ሐብሐብ ቆርጠን በላን። ልጄ በየጥቂት ደቂቃው እየሄደች ቁጥሩን ታመጣልን ነበር፤ መቶ አምስት፣ መቶ አራት፣ እንደገና መቶ አምስት። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ «መቶ አሥራ ሁለት» አለች፤ ወንበሮቹን ግን ማንም አላነሣም።