ንጹሕ እጅና መድኃኒት የገባበት ሳሙና

በከተማ ሱቆች ውስጥ ከተራው ሳሙና አጠገብ «99.9 በመቶ ጀርም ይገድላል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳሙናና ፈሳሽ ማጽጃ ተደርድሮ ይታያል። ዋጋውም ከተራው ከፍ ይላል። የቤት አባወራ ለልጆቹ ጤና ሲል፥ የመሥሪያ ቤትም የግዥ ሹም ለሠራተኞቹ ሲል ጭማሪውን ሳያጉረመርም ይከፍላል። ነገር ግን ይህ በተጨማሪ የሚከፈለው ገንዘብ ምን ጥቅም እንዳስገኘ መመርመር የሚገባ ነው፤ ገንዘቡ የመንግሥት በሆነ ጊዜማ ምርመራው ግዴታ ነው።

ምርመራውን ሌሎች አስቀድመው አድርገውታል። በፓኪስታን አገር በካራቺ ከተማ በድኾች ሰፈር የተደረገው ጥናት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከቤተ ሰቦቹ አንደኛው ክፍል ተራ ሳሙና፥ ሁለተኛው ክፍል ትሪክሎካርባን የተባለ ጀርም ገዳይ የገባበት ሳሙና ተሰጥቷቸው እጃቸውን እንዲታጠቡ ተመከሩ፤ ሦስተኛው ክፍል ሳሙና ሳይሰጠው ለማነጻጸሪያ ተያዘ። ተራውን ሳሙና ባገኙት ቤቶች ከ5 ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ላይ የሳምባ ምች፥ ከ15 ዓመት በታች ባሉትም ላይ ተቅማጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ። መድኃኒት የገባበትን ያገኙትም የተጠቀሙት ይህንኑ ያህል ነው፤ መድኃኒቱ በሳሙናው ላይ የጨመረው ነገር አልታየም።

በአሜሪካም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፥ ፋብሪካዎቹ ዕቃቸው ከተራ ሳሙናና ከውሃ የሚበልጥ፥ ዘወትርም ቢታጠቡበት የማይጎዳ መሆኑን በማስረጃ እንዲያስረዱ ጠይቆ ነበር። የሚበቃ ማስረጃ ስላልቀረበለት በ2016 ዓ.ም. ትሪክሎሳንና ትሪክሎካርባን ከሚገኙባቸው 19 ቅመሞች አንዱ ያለበት የቤት ውስጥ የእጅና የገላ መታጠቢያ እንዳይሸጥ ወሰነ።

ምክንያቱ ከሳሙና አሠራር ይገኛል። ሳሙና ቅባትንና እድፍን ከቆዳ አላቅቆ ለውሃ ያስረክባል፤ ጀርሙም ከእድፉ ጋር ይሄዳል። ከእጅ ላይ ታጥቦ የወረደ ጀርም መሞት አለመሞቱ የታጠበውን ሰው አያሳስበውም። ትሪክሎሳን ግን የሚሠራው ባክቴሪያው ለራሱ ስብ የሚያዘጋጅበትን አንድ መሣሪያ በመዝጋት ነው። የአሜሪካው ሊቅ ስቱዋርት ሌቪና ባልደረቦቹ በ1998 ዓ.ም. እንደ ገለጡት፥ ይህ መሣሪያ የተለወጠበት ባክቴሪያ መድኃኒቱን ተቋቁሞ ይኖራል። መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በ2019 ዓ.ም. ብቻ 1.27 ሚሊዮን ለሚሆን ሰው ሞት ምክንያት እንደ ሆኑ ተገምቷል። ይህ ሁሉ ከሳሙና መጣ አይባልም፤ ዋናው ጥፋት ለሰውና ለከብት ያለ አግባብ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። ቢሆንም ጥቅም ለማይገኝበት ነገር ሌላ የአደጋ በር መክፈት ምን ይባላል?

ጀርም ገዳይ መድኃኒት ሁሉ ይጣል ማለት ግን አይደለም። በ1847 ዓ.ም. በቪየና ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ ሬሳ መርምረው ወደ ወላዶች የሚመጡትን ሐኪሞች በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ የእናቶች ሞት እጅግ ቀንሷል። የቀዶ ጥገና ክፍልና የሕሙማን ክፍል የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስፍራዎች ናቸው። ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ በኮሮና ምክንያት የተለመደው አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃም ውሃ በማይገኝበት ጊዜ ይረዳል፤ ጭቃና ቅባት በያዘ እጅ ላይ ግን ኃይሉ ይደክማል።

በኢትዮጵያ የሚጎድለው እንግዲህ የመድኃኒቱ ብርታት ሳይሆን ውሃውና ሳሙናው ነው። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የእጅ መታጠቢያ ውሃ እንደ ልብ አይገኝም። አዋላጂቱ እጇን የምትታጠብበት ውሃ በሌለበት ክፍል መደርደሪያው ላይ የጀርም መግደያ ጠርሙስ ቢቆም ለወላዷ የሚያተርፍላት ጥቂት ነው። የዓመቱን የዕቃ ግዥ ዝርዝር የሚያዘጋጁ ሹማምንትም በመጀመሪያው መስመር ቧንቧ ያለው የውሃ በርሜልና ተራ ሳሙና ቢጽፉ፥ ለጀርም መግደያው የሚተርፈው ገንዘብ ቢያንስም የሚጎዳ ሰው አይኖርም።

የማዕዱም ልማድ መታየት ያለበት ነው። ከመብል በፊት ማንቆርቆሪያና ሳሕን እየዞረ እጅን ማስታጠብ መልካም የአባቶች ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በዚያን ሰዓት የሚፈሰው ውሃ ብቻ ነው፤ የእንግዳውም ጣት ጫፍ ጫፉ ይርሳል እንጂ አይታሽም። ሳሙናው የሚመጣው ከመብል በኋላ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ ነው። ሳሙናው ዘይቱን እንጂ በሽታውን አይጠብቅም ማለት ነው። በየደብሩ ለሰንበቴና ለዝክር ብዙ ሕዝብ ከአንድ መሶብ በሚቆርስበት ቀን ካህናቱ ከማንቆርቆሪያው ጋር ሳሙና ይዞ የሚዞር አንድ ልጅ ከቡራኬው በፊት ቢያቆሙ፥ ወጪው የአንድ ተራ ሳሙና ዋጋ ነው።