ወደቡን እንጂ ከተማውን አላየነውም

"ጅቡቲ ደግሞ ምን አለ?"

ልንሄድ ነው ስንል ይህን ያላለን ሰው የለም። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ሙቀት አለ፣ ኮንቴይነር አለ፣ የኛ ሾፌሮች አሉ፣ በቃ፣ ሌላ ምንም የለም ለማለት ነው። ዱባይ ልንሄድ ነው ብንል ኖሮ ሽቶ ያዝዙን ነበር። ጅቡቲ ስንል ግን አዘኑልን።

መቼም እንደ እኛ የሚገርም ሕዝብ የለም። በሚያዝን ፊት የጠየቀን ወዳጃችን በእጁ የያዘው ስልክ፣ የመጣበት ሚኒባስ፣ የሚኒባሱ ነዳጅ፣ አባቱ አገር ቤት የሚበትኑት ማዳበሪያ የት በኩል የገባ ይመስለዋል? በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ አሰብ ከተዘጋብን ወዲህ ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህችው ከተማ ነው። ሰው በየቀኑ የሚገባበትን በር እንዴት አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አያየውም?

ነገሩ የበለጠ የከነከነን ከ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ ነው። የባሕር በር ወሬ ከቤተ መንግሥት ተነስቶ እስከ ጀበና ቡና ድረስ ወረደ። በየታክሲው ስለ ቀይ ባሕር የማይተነትን ጠፋ። እኛም ተንትነናል፤ አንዋሽም። አንድ ቀን ማታ ግን ከመካከላችን አንዱ "ለመሆኑ ባሕር ያየ አለ?" ብሎ ጠየቀ። አምስት ሆነን ተቀምጠን ነበር፤ ሁለት እጅ ወጣ። አንደኛው ከአውሮፕላን መስኮት ነው ያየው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች በኋላ የተወለድን ልጆች ነን፤ ባሕር ለእኛ የካርታ ቀለም ነው። ስለዚህ ሦስታችን ብር አጠራቅመን ሄድን።

ባቡሩን የያዝነው ከድሬዳዋ ነው። የድሮው ሐዲድ ሥራው የተጀመረው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ሲሆን፣ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ ራሷ የዚያ ሐዲድ ልጅ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመር ነው የሚሄደው፤ ደወሌን ተሻግሮ፣ በአሊ ሳቢህ አልፎ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነጋድ በሚባል ጣቢያ ያወርዳችኋል። (ነጋድ! ስሙ ከአማርኛ ጋር ምንም አያገናኘው ይሆናል፤ ለእኛ ለወደብ ፈላጊዎቹ ግን ተስማማን።) አንድ ምክር፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ። በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ላይ አሸዋ የሚበትን ነፋስ ይጨመርበታል፤ ያኔ "ጅቡቲ ምን አለ" ያላችሁ ሰው ትክክል ይሆናል።

ሌላው ምክር ስለ ገንዘብ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ70 ዓመት በላይ ከዶላር ጋር ተጣብቆ የቆየ ነው፤ የእኛ ብር ደግሞ ሐምሌ 2016 ለገበያ ተለቋል። ዝርዝር ውስጥ አንገባም። ሻይ ስትጠጡ ዋጋውን በብር አታስሉት፤ ሻዩ ይመርራችኋል።

አሁን ወደ ከተማው። የጉዞ መጻሕፍቱ የሚሉትን እናውቃለን፦ የአውሮፓውያን ሰፈር፣ ገበያው፣ መስጊዱ፣ ከዚያ ቶሎ ብላችሁ ከከተማው ውጡ፤ ሐይቁና ደሴቶቹ ይሻላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ከተማው ሁለት ሙሉ ቀን ይገባዋል።

ከምኒልክ አደባባይ ጀምሩ። አዎ፣ የእኛው ምኒልክ። ዛሬ በመንግሥት ስሙ የሰኔ 27 አደባባይ ነው፤ ጅቡቲ ነፃነቷን ያወጀችበት ቀን ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም.። ሕዝቡ ግን አሁንም ምኒልክ ይለዋል። ዙሪያውን ነጫጭ ቅስት ያላቸው፣ ከሥራቸው ጥላ ያለው መተላለፊያ የተሠራላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ናቸው። ቀለማቸው ረግፏል፤ አንዳንዶቹ ተሰነጣጥቀዋል። ከዚያ በእግራችሁ ወደ ሐሙዲ መስጊድ ውረዱ። እዚያ አካባቢ ገበያው፣ የልብስ ሰፊው፣ የሽቶ ሻጯ፣ የገንዘብ መንዛሪዋ ሴትዮ፣ ሁሉም በአንድ ቦታ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲጋጩ ትሰማላችሁ። አማርኛም አለ። እኛ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ዋጋ ስንጠይቅ አንዲት እናት ሳቁና "ልጆቼ፣ በአማርኛ ጠይቁኝ፤ እናቴ የድሬ ልጅ ናት" አሉን። ዋጋውን ግን አልቀነሱም።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ላይ መንገድ ላይ ሁኑ። ጫት ከእኛ አገር የሚደርስበት ሰዓት ነው። ከሐረርጌ በሌሊት የተለቀመው ቅጠል ከተማው ሲገባ ጥሩምባው ይቀልጣል፤ ሴቶቹ በየጥጉ ባለችው ጠረጴዛቸው ላይ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ይዘረጉታል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መንገዱ ጭር ይላል። ሱቁ ይዘጋል፤ ከተማው ይቅማል። ስለ ጫት ጥሩ ነገር ለመናገር አልተነሳንም፤ በየቤቱ የሚያጠፋውን ገንዘብ እዚያም እዚህም እናውቀዋለን። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ሁሉ በመርከብ የሚጫን ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። እኛ በእነሱ ወደብ እንደምንኖር እነሱም በእኛ ቅጠል ይውላሉ።

ማታ ዓሣ ብሉ። ይህን ሳታደርጉ ብትመለሱ አንታረቅም። የየመን ዓሣ ነው የሚሉት፦ ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቁትና ቅመም ቀብተው በጉድጓድ መሰል ምድጃ ግድግዳ ላይ ያበስሉታል፤ ጥቁር እስኪል ድረስ። እዚያው ምድጃ ውስጥ በተጋገረ ሰፊና ስስ ቂጣ ይቀርባል። ማንኪያ አትጠብቁ። በአንድ ትሪ ዙሪያ በእጅ መብላት ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ እጥንቱን መጠንቀቅ ግን ልምድ ይጠይቃል፤ ከመካከላችን አንዱ በጾም ቀን ካልሆነ ዓሣ ቀምሶ አያውቅምና አንድ ሰዓት ሙሉ ሲታገል አመሸ።

ወደቡን ራሱን መጎብኘት አትችሉም፤ ጥበቃው ጥብቅ ነው፤ ካሜራ ይዛችሁ ባትጠጉም ይሻላል። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሠፈር ያለበት አገር ነው፤ ፎቶ ማንሳት የሚያስጠይቅበት ቦታ ብዙ ነው። ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ሌስካል ወደሚባለው የትናንሽ ጀልባዎች ማረፊያ ሂዱ። ከዚያ ሆናችሁ ክሬኖቹን ታያላችሁ። እኛ እዚያ ስንቀመጥ ብዙ የምንናገር መስሎን ነበር። የወደብ ኪራይ፣ የታሪክ ስህተት፣ የአልጀርስ ስምምነት፣ ሁሉንም አዘጋጅተን ነበር የሄድነው። አጠገባችን የሰፈሩ ልጆች ከግንቡ ላይ እየተወረወሩ ይዋኛሉ። አንዱ ብቅ ብሎ በእጁ "ኑ" አለን። ሦስታችንም ዋና አንችልም።

እውነቱን ለመናገር አስተያየታችን የተቀየረው እዚያ ላይ ነው። "የእኛ ወደብ" የምንለው ነገር የእነዚህ ልጆች መዋኛ ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው የሚኖርባትን ከተማ እኛ እንደ መጋዘን በር ነው የምንጠራት። ባሕር በር ያስፈልገናል ወይ ብትሉን፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ይህን ማንሳቱ ነውር አይደለም እንላለን። ነውሩ በሩን ስናወራ ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ መርሳታችን ነው። ጅቡቲ ሄዶ ሦስት ቀን ያደረ ሰው ስለ ባሕር ሲያወራ ድምፁ ዝቅ የሚል ይመስለናል። የእኛስ ዝቅ ብሏል።

ከከተማው ውጪ ያለውን በአጭሩ እንበል፤ ሌሎች ጽፈውታል። ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች በጀልባ ቅርብ ናቸው፤ ውኃው ጥርት ያለ፣ ኮራሉ በመነጽር የሚታይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በአርታ ባሕር ዳርቻ በኩል ዌል ሻርክ የሚባለው የዓለም ትልቁ ዓሣ ይመጣል፤ አፉ ቢያስፈራም የሚበላው የባሕር ደቃቆችን ነው። ታጁራ በጀልባ የሚደረስባት አሮጌ የንግድ ከተማ ናት፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1878 ዓ.ም. ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ ግመል ሲጠብቅ ወራት የፈጀው እዚያ ነው። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ አቤ ሐይቅ አለ፤ ከመሬት እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙ የኖራ ድንጋዮች አሉበት። ሐይቁን የሚመግበው የእኛው አዋሽ ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ ባሕር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በረሃ ውስጥ ይቀራል። (ይህን ለቀልድ አታውሉት፤ እኛ ሞክረነው አላሳቀም።)

አሳል ግን ለብቻው ነው። ከከተማው ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ መጀመሪያ ላይ ከእኛ ከባድ መኪኖች ጋር እየተጋፋችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ወደ ታጁራ የሚወስደውን መንገድ ትይዛላችሁ። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይከባችኋል። አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ በ1971 ዓ.ም. ነው የፈነዳው፤ ድንጋዩ ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር በታች ነው፤ በአፍሪካ ከዚህ የሚዘቅጥ መሬት የለም። ባሕሩ በድንጋዩ ሥር እየሰረገ ይገባበታል፤ ፀሐይ ታተነዋለች፤ ጨው ይቀራል። ከባሕር አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምናል። ዳር ዳሩ እንደ በረዶ ነጭ ነው። አፋሮች ከዚህ እያወጡ በግመል ወደ ደጋው ሲያመጡት የኖሩት ጨው ነው፤ የአያቶቻችን ወጥ ቀምሶታል።

ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ይህ ነው። እኛም ተነስተናል። ግን እዚያው መንገድ ላይ የጉዞ መጻሕፍቱ የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ልጆች በእግራቸው ይሄዳሉ። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ አሥር ሆነው፣ በነጠላ ጫማ፣ የቢጫ ዘይት ጀሪካን በገመድ አንጠልጥለው። ወደ ኦቦክ ነው የሚሄዱት፤ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳውዲ። መኪናችንን አቁመን ስናናግራቸው አንዱ የወሎ ልጅ ነበር፤ ሌሎቹ ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት። የወሎው ልጅ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ "ይኼ ነው ባሕሩ?" አለን። አይደለም፣ ገና ነው አልነው።

የሚሻገሩት ባብ ኤል መንደብን ነው፤ ትርጉሙ የሐዘን በር ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ሰምጠው ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። በ2016 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት ልዩነት ሌሎች ሁለት ተገለበጡ፤ በመጀመሪያው ብቻ 38 ሰው ሞተ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ከየመን ከተነሱ ሁለት ጀልባዎች ቢያንስ 45 ሰው ጠፋ። የሚሞቱት አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው። ስለ ባሕር በር በተጻፈው ክርክር ሁሉ ውስጥ፣ በየቀኑ ባሕር የሚደርሱት ኢትዮጵያውያን እነዚህ መሆናቸውን የጻፈ አላጋጠመንም፤ እኛም ራሳችን ጽፈነው አናውቅም ነበር።

ኦቦክ እንሂድ አንሂድ ብለን ተጣላን። አንዳችን መቃብር የሚጎበኝ ነገር አይደለም፤ ሄዶ ማየት ነውር ነው አለ። ሁለታችን ደግሞ ሐይቁን አይቶ መንገደኛውን አለማየት ነው ነውሩ አልን። እስካሁን አልተስማማንም። አልሄድንም፤ ገንዘባችንም አልቆ ነበር።

እናንተ ግን ሂዱ፤ ቢያንስ አሳልን። ላንድክሩዘር ስትከራዩ ከሌላ ቱሪስት ጋር ተጋሩ፤ ዋጋው ያንሳል። ኮፍያና አሮጌ ጫማ ያዙ፤ ጨው ጫማ ይበላል። ውኃ በካርቶን ግዙ፤ አራት ካርቶን ጫኑ። ሾፌሩ ለሦስት ሰው ይበዛል ይላችኋል። እኛንም ብሎን ነበር፤ ከተማ ስንገባ አንድም ጠርሙስ አልተረፈም።